ከውስጥ የሚሰፋ ስፌት

ውድ አባዬ፣

ይህን ደብዳቤ፣ ቤቷ ያረፍክባት አክስቴ ታንብብልህ ብዬ አይደለም የጻፍኩት። መነጽርህን አድርገህ አንተው አንብበው። ፊት ለፊት መናገር እንደማይሆንልኝ ታውቃለህ። መርፌ ያልከኝም ድምፅ ሳላሰማ ስለምገባና ስለምወጣ ነው።

ከሄድክ ዘጠኝ ቀን ሆነህ። የስፌት መኪናህ ላይ የጀመርከው ግራጫ ኮት አንድ እጅጌው ሳይገጠምለት ተንጠልጥሏል። እናቴ ከሌለች ደንበኛ የማናግረው እኔ ነኝ። ትናንት ያ በየዓመቱ ሱሪው የሚጠበው አስተማሪ መጥቶ፣ አባትሽ ሆዱን ሊቀደድ ነው ወይ አለኝ። አይደለም አልኩት። ሐኪሙ እንደነገረን፣ በጉሮሮህና በጨጓራህ መካከል ያለው በር መላላቱን፣ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍህ አስገብተው ከውስጥ እንደሚያጠብቁት አስረዳሁት። ሐኪሙ ሲነግረን ከሁላችንም ቀድሞ የገባህ አንተ ነበርክ። «በቃ፣ ሳይተረትሩ ወገብ ማጥበብ ነው» ስትል ሐኪሙ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ስምንት ዓመት ሙሉ ኪኒን ዋጥክ። በጎነበስክ ቁጥር ቃሩ ይወጣል፤ ልብስ ሰፊ ደግሞ ሳይጎነብስ አይውልም። ሌሊት ቃሩ እንዳይወጣብህ ከአልጋህ ራስጌ ሥር ጡብ ያስገባነው እኔና አንተ ነን። ጠዋት ስመጣ ተንሸራትተህ እግርህ ከአልጋው ወጥቶ አገኝህ ነበር። «ዛሬም ቁልቁል ወረድኩ» ትለኛለህ። ቃሩን እንዲያበርድልህ ግማሽ ኩባያ ወተት አመጣልሃለሁ። ይህ የሁለታችን ሥራ ነበር፤ እናቴም አትገባበትም።

ለዚህ ነው የመጀመሪያው ቀጠሮህ ቀን ጠዋትም ያመጣሁልህ። ውሃ እንኳ እንዳትቀምስ መባልህን ሁለታችንም እናውቃለን። ግን ፊትህ ተጨማድዶ «አንድ ጉንጭ ብቻ፣ መርፌዬ» አልከኝ። እንቢ ማለት አቃተኝ። አንተም ኩባያውን ጨረስከው።

ነርሷ ስትጠይቅህ የሆስፒታሉን ልብስ ለብሰህ ተኝተህ ነበር። ከትናንት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም አልካት፤ ከዚያ ቀና ብለህ አየኸኝ። በሰመመን ውስጥ ሆነህ ወተቱ ወደ ሳንባህ ቢገባ ሊገድልህ እንደሚችል ተነግሮናል። አፌ እንዴት እንደተከፈተ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ወተት ጠጥቷል። የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

ሕክምናው ቀረና አስነሱህ። ከትልቁ ከተማ ለሦስት ቀን ብቻ መጥቶ የነበረው ሐኪም በማግስቱ ተመለሰ፤ አሁን አንተ እሱን ተከትለህ ሄድክ። ያን ቀን በአውቶቡስ ወደ ቤት ተመለስን። ልንወርድ ስንል «ለካ አፍ አለሽ» አልክ። ይህችን ቃል ስንት ጊዜ አገላበጥኳት። ተቆጥተህ ነው? ኮርተህብኝ ነው? ዛሬ እጠይቀዋለሁ፣ ነገ እጠይቀዋለሁ ስል ሻንጣህን አንስተህ ሄድክ።

አባዬ፣ ናፍቀኸኛል። ጠዋት ጠዋት እጄ ሳያስበው ኩባያህን ያወርዳል፤ ከዚያ መልሼ እሰቅለዋለሁ። አንድ ቀን አልጋህ ላይ ተኛሁና እኔም ቁልቁል ወረድኩ። ጡቦቹን ግን አልነካኋቸውም። ስትመጣ አብረን እናወጣቸዋለን። ከፈለግህ ያኔ ተቆጣኝ።

ሐሙስ ከሕክምናው በፊት ነርሷ የቀመስከው ነገር እንዳለ ስትጠይቅህ እውነቱን ንገራት። እኔ እዚያ የለሁም።

መርፌህ