ትንሽ ዞር ብለሽ ጻፊ

ጥቅምት 6

እኔ የዚህ ደብተር ባለቤት፣ አእምሮዬ ጤነኛ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ፣ በዛሬው ዕለት ከመምህሬ ወንበር ላይ ሁለት ብሎን ፈትቼ መውሰዴን አምናለሁ። ይቅርታ ግን አልጠይቅም።

ምክንያት አለኝ። የክፍላችን ወንበሮች አርምቼር ናቸው። ወንበርና ጠረጴዛ ተጋብተው የወለዱት ነገር... ከቀኝ ክንዱ ላይ አንድ መጻፊያ ጣውላ ተገጥሞለታል። ከቀኝ። ሁሉም ከቀኝ! እኔ ደግሞ የምጽፈው በግራ እጄ ነው። ስለዚህ ያለፈውን ዓመት ሙሉ እንደ ተጣመመ ሽቦ ታጥፌ ጻፍኩ። በአሥራ ስምንት ዓመቴ የአሮጊት ወገብ አወጣሁ።

ለስቱዲዮ መምህራችን ነገርኩት። ሚሊሜትር ነው የምንለው። ማስመሪያ ከኪሱ አይጠፋም፤ ሰው ሲጨብጥ እንኳ እጁን የሚለካው ይመስላል።

ምን አለኝ?

"ትንሽ ዞር ብለሽ ጻፊ።"

በቃ። ይኸው ነው መልሱ። ኢንዱስትሪያል ዲዛይን የሚያስተምር ሰው! የመጀመሪያ ቀን ሰሌዳው ላይ "ዕቃ ለሰው ይታጠፋል እንጂ ሰው ለዕቃ አይታጠፍም" ብሎ የጻፈው ማን ነበር? እሱ። በቀኝ እጁ።

ምሳ ሰዓት ላይ ከወርክሾፕ ካቻቢቴ ይዤ ገባሁ። የወንበሬን መጻፊያ ፈታሁት። ከዚያ ምን አየሁ? በግራ በኩልም ቀዳዳ አለ! ቀለም ደፈነው እንጂ አለ። ፋብሪካው ለሁለቱም ጎን በስቶ ነው የላከው። የገጠሙት ሰዎች ግን ግራ የሚባል ነገር መኖሩ ትዝ አላላቸውም።

ሁለቱ ብሎኖች ዝገው ስለነበር ሲፈቱ ተሰበሩ። ምትክ ያስፈልጋል... ቅርብ የነበረው የሚሊሜትር ወንበር ነው። የክንዱ መደገፊያ አራት ብሎን አለው። ለአንድ ክንድ አራት ምን ያደርግለታል? ሁለት ይበቃዋል።

አንድ ችግር ብቻ። መጻፊያው ወደ ግራ ሲዞር ይገለበጣል፤ የታችኛው ፊት ወደ ላይ ይመጣል። የታችኛው ፊት ደግሞ... የስንት ትውልድ ማስቲካ!

ጥቅምት 7

ሚሊሜትር ክንዱን ተደገፈ። ወንበሩ ሲጥ አለ። ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ጣሪያውን!

ጥቅምት 21

ዛሬ የስቱዲዮ ሥራ መረጣ ነበር። አንድ የምታውቁትን ዕቃ አሻሽላችሁ ሥሩ፤ ታኅሣሥ ላይ ሦስት ዳኞች ፊት ታቀርባላችሁ፤ የወደቀ ከትምህርት ክፍሉ ይወጣል። የመጨረሻዋን እንደ አየር ጠባይ ዘገባ ነው የተናገራት። ነገ ደመናማ ይሆናል፤ የወደቀ ይወጣል።

እጄን አወጣሁ። ግራዬን። ሆን ብዬ።

"አርምቼሩን እሠራለሁ። መጻፊያው በሁለቱም በኩል የሚሆን።"

"እዚህ ክፍል ውስጥ ስንት ግራኝ አለ?"

ዞር ዞር ብዬ አየሁ። የተንቀሳቀሰ የለም።

"እኔ... አለሁ።"

"እንግዲህ ለአንድ ሰው ፋብሪካ አይቆምም።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

"ማንቆርቆሪያ ሥሪ፣ ግራኟ። ማንቆርቆሪያ ጥሩ ነው።"

ለወንዶቹ የሰጠውን አየሁ። መሰርሰሪያ፣ የእጅ ጋሪ፣ የሾፌር መቀመጫ። ለእኔ ማንቆርቆሪያ! ማንቆርቆሪያው ሳይጣድ እኔ ፈላሁ።

የመኝታም የትምህርትም ክፍል ጓደኛዬ ሬዲዮ (ማጥፊያ የላትም) መከረችኝ። "ዝም ብለሽ ማንቆርቆሪያሽን ሥሪ፣ ዲግሪሽን ያዢ፣ ከዚያ ወንበሩን አናቱ ላይ ትሰብሪበታለሽ።" ምክር ማለት እንዲህ ነው።

ኅዳር 3

ቤት ደርሼ መጣሁ። ምነው ባልሄድኩ።

አባዬ የሂሳብ ሠራተኛ ነው፤ ሳቁን እንኳ በደረሰኝ ነው የሚያወጣው።

"ወንበር ለመሥራት ዩኒቨርሲቲ?"

"ወንበር ብቻ አይደለም አባዬ። ሰው የሚነካው ዕቃ ሁሉ..."

"ጎረቤታችን አናጺው መቼ ዩኒቨርሲቲ ገባ?"

"እሱ የሠራልህ ቁም ሳጥንስ መቼ ተዘጋ?"

እማዬ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። አባዬ አልሳቀም። "ስቱዲዮ ከወደቅሽ ሲቪል ምህንድስና ትገቢያለሽ። ዲኑን አነጋግሬያለሁ።"

አነጋግሬያለሁ! ሳልሞት የመቃብር ቦታ ገዝቶልኛል። ደስ ብሎት ደግሞ። ፊቱን አየሁት እኮ...

አክስቴም ነበረች። ስኳር ላቀብላት ስል እጄን ቸብ! "በቀኝሽ!" ከተወለድኩ ጀምሮ ቸብ። "በግራ የተሰጠ ነገር በረከት የለውም" ትላለች።

"እንግዲያው ስኳሩን መልሺው" አልኳት።

አልመለሰችም። ሦስት ማንኪያ ጨመረች።

ኅዳር 19

ማንቆርቆሪያው ይኸው። በንዴት የተሠራ ዕቃ ያምራል ለካ። እጀታውን በሸክላ ጭቃ ነው የሠራሁት። ጭቃውን ጥርቅም አድርጌ ጨበጥኩት፤ ጣቶቼ የተዉትን ጎድጓዳ እንዳለ አደረቅሁት። እጄ ሲገባበት ጓንት ነው፣ ጓንት!

ሚሊሜትር መጣ። አነሳው። በቀኙ። ጣቶቹ መግቢያ አጡ፤ ቤት የተሳሳተ እንግዳ መሰሉ። አዙሮ ያዘው። አሁንም እምቢ።

"የማን እጅ ነው ይሄ?"

"የእኔ።"

ፈገግ አለ። መቼም ያ ፈገግታ...

"ለአንድ ሰው..." አለና ሳይጨርሰው ሄደ። መጨረስም አላስፈለገውም።

ኅዳር 20

እሱ ልክ ነው። ይህን የጻፈች እጄ ትድረቅ።

ኅዳር 22

ሁለት ቀን ሙሉ የምናደድበት ሰው ሳፈላልግ ቆየሁ። ሬዲዮን ሞከርኩ፤ አልሆነም። አክስቴን ሞከርኩ፤ ሩቅ ናት። መጨረሻ ላይ ራሴ ላይ ደረስኩ።

ምንድነው ያደረግኩት? እነሱ እኔን ያደረጉኝን። በአንድ እጅ ዓለምን ለካሁ። ልዩነቱ እጁ የእኔ መሆኑ ብቻ። እኔ ፋብሪካ ቢኖረኝ የአገሩን ቀኘኛ ሁሉ ሻይ ደረቱ ላይ አፈስበት ነበር... (ሚሊሜትር ላይ እንኳ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ትክክል አይደለም።)

ማንቆርቆሪያውን ትቼዋለሁ። ወንበሩን ነው የማቀርበው። የግራ ወንበር አይደለም፤ የሁለቱም። መጻፊያው ያለ ካቻቢቴ፣ በጣት በሚዞር ባለ ጆሮ ዳዶ የሚፈታ። ሁለቱም ፊቱ በፎርሚካ የተሸፈነ፤ በየትኛውም ጎን ቢዞር ማስቲካ ላይ የሚጽፍ አይኖርም።

"ማንቆርቆሪያ ካላቀረብሽ ይጥልሻል" አለች ሬዲዮ።

"ይጣለኛ!"

ዋሸሁ። እንዲጥለኝ አልፈልግም። ወርክሾፑን እወደዋለሁ። የተሞረደ እንጨት ሽታውን፣ አንድ ነገር ልክ ሲገጥም ቀጭ የሚላትን ድምፅ። ሲቪል ምህንድስናን ሳስበው አፌ ሲሚንቶ ሲሚንቶ ይለኛል።

ታኅሣሥ 9

ሬዲዮ የመጀመሪያዋ ሙከራ ሆና ተቀመጠችበት። ክርኗን ስታሳርፍ መጻፊያው ተነቅሎ እግሯ ላይ ወደቀ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ስትል አየሁ። ከዚያ የዝምታውንም ጨምራ ተናገረችው።

ዳዶው አይችልም። ወፍራም ፈልጌ መጣሁ።

ታኅሣሥ 20

ዳኞቹ ዛሬ ከሰዓት ይመጣሉ። ሬዲዮ ምሳ ስትበላ እኔ ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። ከፊት ለፊት የተቀመጡትን ሦስት የዳኛ አርምቼሮች መጻፊያ ፈትቼ ወደ ግራ ገጠምኩ። ማስቲካውን አልፋቅኩም። እንዳለ ይደሰቱበት።

(ከሰዓት በኋላ)

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ሦስቱ ተቀመጡ። ሚሊሜትር፣ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ እትዬ ቆጣ፣ ከዕቃ ፋብሪካ የተጋበዘ አንድ ቦርጫም እንግዳ። ሁሉም ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። ቀኝ በኩል አየር ነው። ግራ ተጋቡ። ከዚያ... ታጠፉ። በእውነት ታጠፉ! ሚሊሜትር ወረቀቱን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አቅፎ ነጥብ ይሰጣል። እትዬ ቆጣ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ ያደርጋሉ፤ ችግሩ የመነጽር መሰላቸው። የእንግዳው እስክሪብቶ ማስቲካ በማስቲካ እየዘለለ ወረቀቱን ቀደደው። መሰርሰሪያው ቀረበ፣ ጋሪው ቀረበ፣ የሾፌር መቀመጫው ቀረበ። አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም! ያን ሁሉ ሰዓት! ትልልቅ ሰዎች!

ያኔ ነው የባሰ የተናደድኩት። እኔም እኮ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነበርኩ።

ተራዬ ደረሰ። ወንበሬን እየጎተትኩ ወጣሁ።

"ማንቆርቆሪያሽስ?" አለ ሚሊሜትር።

"የለም።"

"እንዴት የለም?" አሉ እትዬ ቆጣ። መልስ ሳይጠብቁ ወገባቸውን ያዙ። "ቆይ እስቲ፣ ይሄ ወንበር ምን ሆኗል? ወገቤ ተቆረጠ እኮ!"

"ትንሽ ዞር ብለው ይጻፉ" አልኳቸው።

ከአፌ ወጣ። መመለሻ የለውም። ሬዲዮ ፊቷን በደብተር ሸፈነች።

ሚሊሜትር ቀስ ብሎ ቀና አለ። መጻፊያውን አየ፣ እኔን አየ። ገባው። ጆሮው ቀላ።

እኔ ቶሎ ብዬ ዳዶውን በጣቴ ፈታሁ፣ መጻፊያውን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወርኩ፣ መልሼ ወደ ቀኝ። ቀጭ። ቀጭ። እንግዳው ከወንበሩ ተነሥቶ መጣና ሞከረው። ቦርጩ እንኳ ገባ።

"ለስንት ሰው ነው የተሠራው?" አለ ሚሊሜትር። ድምፁ ቀጭን ሆኗል።

"ለጊዜው ለአራት። ለእኔና ለእናንተ ለሦስታችሁ።"

"ውጪ!" አሉ እትዬ ቆጣ።

ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ስደርስ አለቀስኩ። በንዴት ነው። በንዴት ብቻ ነው...

ታኅሣሥ 24

አልፌያለሁ! ጫፍ ላይ ተንጠልጥዬ፣ ግን አልፌያለሁ። ሚሊሜትር ከነጥቤ ሥር ጽፏል፦ "የዳዶው ጆሮ ሁለት ሚሊሜትር ያንሳል። ማንቆርቆሪያው ቀሪ ሥራ ነው፤ ሁለት ዓይነት እጅ የሚይዘው።" አንዲት የአድናቆት ቃል? ወይ ፍንክች!

እትዬ ቆጣ ቢሯቸው አስጠሩኝ። በድፍረቴ ተቀጥቻለሁ። ቅጣቱ፦ በዕረፍቱ የክፍሉን ወንበሮች ሁሉ ልክ እንዳቀረብኩት ወንበር አድርጌ እንድሠራ፣ በገዛ እጄ። ዕቃውን ያ ቦርጫም እንግዳ ከፋብሪካው ይልካል። ሁሉም ዕረፍት ሲሄድ እኔ ማስቲካ ስፍቅ! የፈለግኩትን ነገር ቅጣት ብለው ሰጡኝ፤ እንዳልደሰትበት እኮ ነው። "በየትኛው እጄ?" ልላቸው ነበር። ሬዲዮ በር ላይ ሆና በዓይኗ ገደለችኝ።

ለአባዬ ደወልኩ።

"አለፍኩ።"

ወረቀት ሲገለብጥ ይሰማኛል። ከዲኑ ያስያዘልኝን ቦታ እየሰረዘ ይሆናል።

"በይ እንግዲህ..." አለ በመጨረሻ፤ "ስትመጪ ያንን የቁም ሳጥን በር እይልኝ።"

ጥር 16

ክፍል ውስጥ ነኝ። ሚሊሜትር ስለ ክብደትና ሚዛን እያወራ ነው፤ እኔ ይህን እየጻፍኩ ነው። ቀጥ ብዬ! ወገቤ የአሮጊት መሆኑን ትቷል።

ግን ተናድጃለሁ። አሁን የተናደድኩት በሌላ ነው። ዛሬ ጠዋት ሁሉም ሲገባ ወንበሮቹ በሙሉ መጻፊያቸው በቀኝ ነበር። ከዚያ ከኋላ ቀጭ። ዞር አልኩ። ቃል የማይወጣው ልጅ መጻፊያውን ወደ ግራ አዛወረ። መስኮት ጥግ ቀጭ። መሰርሰሪያ የሠራው ጉረኛም ቀጭ! ያኔ "ስንት ግራኝ አለ?" ሲባል እነዚህ ሰዎች የት ነበሩ? ሲሳቅብኝ አብረው ሲስቁ ነበር እኮ! ጉረኛውን ጠየቅኩት።

"ለምን ዝም አልክ?"

"ለምጄዋለሁ ብዬ ነው" አለ፣ ወገቡን እያሸ።

እሱን እንኳ ልሰድበው አፌን ከፍቼ... ዘጋሁት። ወገቡን እያሸ ያለ ሰው እንዴት ይሰደባል?

አሁን ሚሊሜትር ተቀመጠ። ክንዱን ሊደገፍ ነው። ወይኔ... እነዚያን ሁለት ብሎኖች ሳልመልስለት! ሁሉንም ወንበር ሠርቼ የሱን...

ሲጥ አለ። ጓ!

ጣሪያውን አላየም። ጎንበስ ብሎ ቀዳዳዎቹን አየ። ማስመሪያውን አወጣ። ለካቸው። አሁን ቀና አለ። በወንበሮቹ መሃል እየመጣ ነው፣ የተነቀለ መደገፊያውን ታቅፎ፣ እያየኝ፣ ቀጥታ ወደ እኔ... አጠገቤ ቆመ።

ግራኟ አላለኝም። ስሜን ጠራ። ሙሉ ስሜን፣ ከነአባቴ፣ ከነአያቴ። እጁን ወደዚህ ደብተር ዘረጋ፤ ጥቅምት 6ን ካነበበ አለቀልኝ...