የእትዬ ዘነበች ፊት

ኅዳር 8፣ ሰኞ። ከሰዓት

መብራት እንደገና ሄደ። የፎቶ አስተማሪያችን መ/ር ታምራት አንዱን አምፖል በግራ፣ ሌላውን በቀኝ አቁሞ ዋናው ብርሃን ይሄ፣ አጋዡ ይሄ እያለ ሲያስረዳን ድርግም። ክፍሉ አጨበጨበ። እሱ ግን አልተናደደም። መጋረጃውን ገለጠና አንዱን ልጅ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጠው። ግማሽ ፊቱ በራ፣ ግማሹ ጠፋ። ነጭ ካርቶን ሲያስጠጋለት የጠፋው ወገን ቀስ ብሎ ተመለሰ። ጉንጭ፣ ከዚያ ጆሮ። አፌን ከፍቼ ነው ያየሁት።

ከዚያ የኔን ፎቶ አሳየ። ባለፈው ገጠር፣ ኢዲዶ አክስቴ ጋ ሄጄ ያነሳሁትን። አንዲት ሴት ቡና ማድረቂያው አልጋ ላይ ጎንበስ ብላ፣ ፀሐይ ከጀርባዋ፣ ጭጋጉ ገና አልተነሳም። ዙሪያዋን ወርቅ የተቀባች ትመስላለች። የጀርባ ብርሃን ማለት ይሄ ነው አለ። "ብርሃን በኢዲዶ" ብዬ ነው የሰየምኩት። ሁሉም ዞሮ አየኝ።

ማስታወሻዬ፣ ደስ ሊለኝ ሲገባ መቀመጥ አቃተኝ።  ወደ ቤት ስመለስ ባጃጅ ሊገጨኝ ነበር። ሹፌሩ ሰደበኝ። ሳቅኩለት።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

አዲስ ትምህርት። አፕሮፕሪዬሽን። የሌላ ሰው ምስል ወስዶ ሌላ ሥራ መሥራት። መ/ር ታምራት አማርኛውን ከኛ ፈለገ። አንዱ "መዋስ" አለ። ሌላዋ "መውረስ"። እኔ "መስረቅ" አልኩ፤ ሳቁብኝ። መምህሩ ግን አልሳቀም። ሦስቱንም ሰሌዳው ላይ ጻፋቸውና ዓለም ገና እየተከራከረበት ነው፣ እናንተም ተከራከሩ አለ።

የቤት ሥራ፦ የራሳችሁ ያልሆነ ምስል ውሰዱ። አዲስ ነገር እንዲናገር አድርጉት። ከሁሉም የበለጠው ለዓመቱ ኤግዚቢሽን ይቀርባል፣ ከዚያም ለትልቁ ኤግዚቢሽን ሐዋሳ ይሄዳል።

ምን እንደምወስድ አላውቅም። የፀጉር ቤት ፖስተር? የድሮ የሠርግ ፎቶ? ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ ተውኩት። ኤርሚያስ ግን ገና ከክፍል ሳንወጣ ፊቱ በርቷል። ኤርሚያስ አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ነው። ከዚህ በኋላ ኤ. ብዬ ነው የምጽፈው። ሙሉ ስሙን ስጽፍ እጄ ቀስ ይላል፤ ለምን እንደሆነ አንቺም እኔም እናውቃለን፤ አናውራበት።

ኅዳር 15፣ ሰኞ

አልቻልኩም። ልጻፍ፣ ካልጻፍኩ እፈነዳለሁ።

ኤ. አምስት የቡና ጆንያ ይዞ መጣ። ግድግዳው ላይ በተርታ ሰቀላቸው። የመጀመሪያው ጆንያ ላይ የኔ ፎቶ። የኔ! ከክፍላችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አውርዶት፣ ቲሸርት በሚያትሙበት ቀለም ጆንያ ላይ አትሞታል። ሁለተኛው ላይ ሴትዮዋ ደብዘዝ ትላለች። ሦስተኛው ላይ ጥላ ናት። አራተኛው ላይ እድፍ። አምስተኛው ላይ ምንም የለም፣ ባዶ ጆንያ። ርዕሱ "ስም የለሽ"። ከስሩ የእሱ ስም ብቻ።

 ክፍሉ አጨበጨበ። መ/ር ታምራት መነጽሩን አውልቆ ጠጋ ብሎ አየ።

የኔ ስም የትም የለም። ጮኼ መነሳት ነበረብኝ። አልተነሳሁም። ለምን? ላንቺ ብቻ ልንገርሽ። ከኔ ፎቶ ይበልጣል። የኔው ቆንጆ ነው፣ አይተውት ያልፋሉ። የእሱ ሥራ ፊት ቆሙ። ይሄ ነው ያቃጠለኝ።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ። ጠዋት

ከኤ. ጋር ተጣላን። በር ላይ ያዝኩት። እሱ የምር ደንግጦ፣ ደስ የሚልሽ መስሎኝ ነበር አለ። ግሩፑ ላይ ለሁላችን የለቀቅሽው ነው፣ የቤት ሥራው ራሱ ውሰዱ ነው የሚለው አለ። ውሰዱ ሲባል ስሜን ፍቀህ ውሰድ ተባልክ ወይ አልኩት። የስም አለመኖር የሥራው ሐሳብ ነው አለኝ። የሷ ስም ነዋ፣ የኔ ስም ምን አደረገህ?  እሱም ቀስ ብሎ የሴትዮዋን ስም አንቺስ ጽፈሽዋል ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ጥዬው ሄድኩ።

ወ/ሮ ዘነበች ትባላለች። የአክስቴ ጎረቤት ናት። አውቃታለሁ፤ ስሟን ሳልጽፍ "ብርሃን" ብዬ ነው የሰየምኳት። 

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

የኤ. ሥራ ለኤግዚቢሽኑ ተመረጠ። የኔ ፎቶም ጎን ለጎን ይሰቀላል አሉ።

መ/ር ታምራት ሁለታችንንም ቢሮው ጠራን። ስለ ቅጂ መብት አስረዳን። ፎቶው ከተነሳ ጀምሮ የአንሺው ነው፤ ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። ለክፍል ትምህርት መጠቀም አንድ ነገር ነው፣ አዳራሽ ሰቅሎ ለሕዝብ ማሳየት ሌላ። ስም መጥቀስ ደግሞ ለብቻው የቆመ መብት ነው። ስለዚህ ውሳኔው የትዕግሥት ነው አለ፤ ወደኔ ዞሮ። ከፈቀድሽ ስምሽ ተጽፎ ይታያል። ካልፈቀድሽ ይወርዳል።

ኤ. ጫማውን ያያል።  ሥልጣን ደስ ይላል ለካ፣ ማስታወሻዬ። ዝም ብዬ ትንሽ ላቆየው ፈለግኩ።

ከዚያ መምህሩ በዚያው ድምፁ፣ ሴትዮዋስ ምን አለች? አለኝ። የሰው ምስል ያለፈቃዱ አደባባይ አይወጣም፣ ይሄ ደግሞ የቅጂ መብት አይደለም፣ የራሷ የሴትዮዋ መብት ነው አለ።

ምንም አላለችም። አልጠየቅኳትም። ካሜራውን አይታ ሥራዋን ቀጠለች፣ እኔም ፈቃድ ነው ብዬ ወሰድኩት።

ቅዳሜ ኢዲዶ እንሄዳለን። ሁለታችንም። ጆንያዎቹም።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ። ማታ 1 ሰዓት

ተመልሰናል። በቅደም ተከተል ልጻፈው፣ ካልሆነ ይጠፋብኛል።

ከዲላ እስከ ይርጋጨፌ በሚኒባስ። ከዚያ በሞተር፣ እኔ መሀል፣ ኤ. ከኋላ፣ ጆንያዎቹ በጀርባው። ጭቃ።  ባለሞተሩ መዝሙር ይዘምራል።

አክስቴ እትዬ ዘነበችን ጠራቻት። መጣች። አጭር፣ ፈጣን፣ ድምጿ ከሩቅ የሚሰማ ሴት ናት። በቤተ ክርስቲያን መዘምራኑን የምትመራው እሷ ናት። መጀመሪያ የኔን ፎቶ በወረቀት ታትሞ ሰጠኋት። አገላበጠችው።

"ይሄ ማነው?"

"አንቺ ነሽ፣ አጎነባበስሽ ይታወቃል!" አለቻት አክስቴ፤ ገና ሳታስተውለው ነው ያወቀቻት።

"እኔ? ታዲያ ፊቴ የት ሄደች?"

ፀሐይዋ ከኋላ ስለነበረች ነው አልኳት። የጀርባ ብርሃን። አፌ ውስጥ እንደ ድንጋይ ከበደኝ። እሷ ፎቶውን ወደ ፀሐይ አንስታ፣ በዚያ በኩል ፊቷ ይኖር ይመስል አየችው።

ኤ. ጆንያዎቹን ሣሩ ላይ ዘረጋ። እትዬ ዘነበች ከመጀመሪያው ጀምራ ቀስ እያለች ሄደች። አምስተኛው ጋ ቆመች።

"እዚህ ጋ ሞቼ ነው?"

ኤ. ላብ አጠመቀው። ማስረዳት ጀመረ። ቡናው ዓለምን ይዞራል፣ የለቀመችው ሴት ግን ትረሳለች፣ ሥራዬ ይሄንን ነው የሚለው አለ። አክስቴ በጌዴኦኛ አስረዳቻት። እትዬ ዘነበች እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ከዚያ በራሷ አማርኛ መለሰችለት።

"ማን ነው እኔን የረሳኝ? ልጆቼ አልረሱኝም። ጉባኤው አልረሳኝም። አንድ እሁድ ብቀር ቤቴ ድረስ ይመጣሉ። ንገረኝ እስቲ፣ አንተ ነህ የረሳኸኝ?"

"እኔማ አላውቅዎትም ነበር" አለ ኤ.።

"እህ! ሳታውቀኝ እንዴት ትረሳኛለህ?"

አክስቴ ሳቋን መያዝ አቃታት። ኤ. አልሳቀም። እኔም አልሳቅኩም።

ከዚያ እትዬ ዘነበች እንደገና አንሺኝ አለችኝ። አሁኑኑ። ግን እንዲህ ሆና አይደለም። ቤት ገብታ ቆየች። ስትወጣ የመዘምራን ልብሷን ለብሳለች፣ ፀጉሯ ተቀብቷል፣ የአንገት ሐብል አድርጋለች። የእኩለ ቀን ፀሐይ አናት ላይ ናት፤ ለፎቶ ከሁሉ የከፋ ሰዓት። እንሰቱ ጥላ ስር ወንበር አስቀመጥኩላት። ፊቷ ጠቆረ። አክስቴን ነጭ አንሶላ ለመንኳት። ኤ. ሁለቱን ጫፍ ይዞ ተንበረከከና ከጥላው ውጪ ያለውን ፀሐይ ወደሷ መለሰው። "ዝቅ፣ ትንሽ ወደ ግራ" እለዋለሁ። ይታዘዛል። ፊቷ ቀስ እያለ መጣ። ግንባሯ፣ ጉንጯ ላይ ያለች ትንሽ ጠባሳ፣ ዓይኖቿ።

ፈገግ እንድትል ብለምናት እምቢ አለች። እንደ መታወቂያ ፎቶ ቀጥ አለች። አሳየኋት። ዓይኗን አጥብባ ብዙ አየችው።

"አሁን ዘነበች ነኝ። ይሄን ለፈለግሽው ስጪ። ለልጄ ለሻሸመኔዋም አንድ አትሚልኝ።" ወደ ጆንያዎቹ ዞረች። "ያቺኛዋ ግን አትታይም። ሳልሞት ሞቼ አልታይም።"

ኤ. ጆንያዎቹን ጠቀለለ። 

ሚኒባስ ውስጥ፣ ፊቷ እንኳ አይታይም፣ ማን ያውቃታል አለኝ። አክስቴ ወዲያው አወቀቻት አልኩት። በቃ፣ አሸነፍሽ አለኝ። የኔም ፎቶ እኮ ይወርዳል፣ ያው ፎቶ ነው አልኩት። እንዲህ እያልን ዲላ ደረስን።

ኅዳር 21፣ እሁድ

መቀመጥ አልችልም። መቆም አልችልም። እስከ ገበያው ሄድኩ፣ ምንም ሳልገዛ ተመለስኩ።

አንድ ነገር እየበላኝ ነው። እትዬ ዘነበች እምቢ ስትል ውስጤ ደስ አለው። ለእሷ ነው ወይስ ለራሴ? እኔ መከልከል አፍሬ ነበር፤ እሷ ከለከለችልኝ። የኤ. ሐሳብ እኮ ውሸት አይደለም። የሚረሳ አለ። እሷን ብቻ አይመለከትም። ታዲያ ለእውነት ሲባል የአንድ ሰው ፊት ይደምሰስ?

አላውቅም። 

ኅዳር 22፣ ሰኞ

ለመ/ር ታምራት ነገርኩት። አልፈቀደችም። ስለዚህ "ብርሃን በኢዲዶ" ይወርዳል፣ ጆንያዎቹንም አልፈቅድም። እሺ አለ።  የኔ ቦታ ላይ ወንበር ላይ የተቀመጠችበትን ፎቶ ልስቀል አልኩ። አየውና፣ ብርሃኑ ደህና ነው፣ ሌላው ሁሉ ግን የመታወቂያ ፎቶ ነው አለ። እውነቱን ነው። ይሁን አልኩ። ከስሩ "ወ/ሮ ዘነበች፣ ኢዲዶ" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ቀጥሎ የኔን ስም።

ኤ. ክፍል አልመጣም።

ኅዳር 25፣ ሐሙስ። ከኤግዚቢሽኑ መልስ

አዳራሹ ሞልቷል። እትዬ ዘነበች ፎቶ ፊት ማንም አልቆመም። አንዲት እናት ብቻ፣ ልብሷ ያምራል ብላ አለፈች። ጠብቄው ነበር። ቢሆንም ወጋኝ።

ወደ ጥግ ሰው ተሰብስቧል። ጠጋ አልኩ። አምስቱ ጆንያዎች! ደሜ ፈላ። ቀረብ ስል ግን ምስል የለም። ገልብጦ ነው የሰቀላቸው። ፊታቸው ወደ ግድግዳ፣ ጀርባቸው ወደኛ። ባዶ ጆንያ፣ ስፌቱ ብቻ። ርዕሱ ተቀይሯል። "አልፈቀደችም"።

ሰው ያጉረመርማል። ማን ናት? ምን ነበር? አንድ ኮት የለበሰ ሰውዬ የጆንያውን ጫፍ ይዞ ሊገልጥ ሞከረ። ኤ. እጁን ያዘው። በትሕትና፣ ግን አጥብቆ። "አይቻልም ጋሼ፣ ሰው አለ።" ሰውየው አፍሮ ሳቀ። ቀጥሎ ሌላው ሞከረ። እሱንም ያዘው። ምሽቱን ሙሉ እዚያው ቆሞ ሲጠብቃት አመሸ።

በር ላይ አገኘኝ። ዓይኑ ቀልቷል። ሥራው ደህና ነው? አለኝ። ከሁሉም ይበልጣል አልኩት። ደግሞም ተናድጃለሁ አልኩት። እምቢታዋንም ወሰድክባት። አሰበና፣ አዎ፣ እሱን አልጠየቅኳትም አለኝ። 

ኅዳር 26፣ ዓርብ

የኤ. ሥራ ሐዋሳ እንደሚሄድ ዛሬ ነገሩት። መ/ር ታምራት እኔን ምን ታስቢያለሽ ብሎ ጠየቀኝ። ወደ ግድግዳ የዞረው ምስል ያንቺ ነው፤ ይታይ አይታይ ገና ያከራክራል አለ። ስምሽ ይጻፍ ወይ አለኝ። የማይታይ ፎቶ ላይ ስም! ሳቄ መጣ። ቆይ፣ መጀመሪያ የምጠይቀው ሰው አለ አልኩት።

ነገ ኢዲዶ እሄዳለሁ። ኤ. አብሬሽ ልምጣ አለ። እሺ አልኩት፣ ግን የምትናገረው አንተ ነህ፣ እኔ አላስረዳልህም። ጆንያዎቹ እንደተገለበጡ፣ ሰው ሊገልጥ ሲል እንደከለከለ፣ ከነርዕሱ ሁሉንም ይነግራታል። ከፈቀደች ሐዋሳ ይሄዳል። እምቢ ካለች ራሱ ያወርዳቸዋል፤ ቃል ገብቷል፣ አምኜዋለሁ።

ለሻሸመኔዋ ልጇ የሚሰጠው ፎቶ ታትሟል፣ በፖስታ አድርጌዋለሁ። ካሜራውን አልይዝም።