የለቅሶው በሬ

ምቢታ፣ ሐምሌ 28

ለእህቴ ለአኩሙ፣

አንቺም ባልሽም ሕፃኑም በሞምባሳ ሙቀት እንዴት ናችሁ? እኔ ወደ ትምህርት ቤት ተመልሻለሁ። ይህን የምጽፍልሽ ሌሎቹ ኳስ ሊጫወቱ ሲወጡ ክፍል ውስጥ ቀርቼ ነው። በስልክ ያልነገርኩሽ ስልኩ የአባባ ስለሆነ ነው፤ ሳወራ አጠገቤ ቆሞ ይሰማል።

አያታችን እንቅልፍ ላይ እንዳለ ሄደ ብለውሻል። አልተኛም ነበር። ደግሞስ መቼ ተኝቶ ያውቃል? ጠዋት ጠዋት የመላጊያው ድምፅ አልነበር የሚቀሰቅሰን? አባባን ያስተማረው፣ አጎቴ ኦምዋንዳን የዳረው፣ አንቺን ነርስ ያደረገሽ ያ መላጊያ ነው። አዲስ ጀልባ ሠርቶ ሲጨርስ መጀመሪያ እኛን ጭኖ እየቀዘፈ፣ "ካሰጠማችሁ አልሸጠውም" ይለን ነበር። እስከ ዘንድሮ ድረስ ሲሠራ ነበር።

ከዚያ እግሩ አበጠ፣ ትንፋሹም አጠረ። ሐኪሙ ልቡ ነው፣ ኪሱሙ ሆስፒታል ውሰዱት አለ። ሴት አያታችን ዳኒ "በሬውን ሸጣችሁ ባሌን ውሰዱልኝ" ብላ ለመነች።

"በሬው ከተሸጠ ለቅሶ የሚመጣው ሰው ምን ይብላ?" አለ አባባ። "የኦቢዬሮ ልጆች አባታቸውን በዶሮ ሸኙ ይበሉን?"

"ያውም አገር ምድሩ የሚያውቀውን ሰው!" አለ ኦምዋንዳ።

አያታችን ማንጎው ሥር ተቀምጦ ነበር። "ቀስ ብላችሁ አውሩ እንጂ" አላቸው። "ያበጠው እግሬ ነው፤ ጆሮዬ ደህና ነው።" ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ወደ በሬው ዞሮ አየ። "በሬው ግን ከስቷል። እንዲህ እንዳለ ካረዳችሁት ታፍራላችሁ።"

በማግስቱ ማጭድ ይዞ ወጣ። መቆም ስላቃተው በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ነበር የሚያጭደው። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሣሩን እሸከምለታለሁ። "ይሄ ለእንግዶቼ ነው" ይለኛል እየሳቀ፣ ሳቁ በሳል እስኪቆረጥ። ዳኒ ማጭዱን ብትደብቅበት በእጁ መንጨት ጀመረ። በሬው ወፈረ፤ እሱ አለቀ። አባባ ያልፋል ያገድማል፣ የበሬውን ሽንጥ መታ መታ አድርጎ ይሄዳል።

ያገኘሁት እኔ ነኝ። ሣሩ መሃል በጎኑ ተጋድሟል። በሬው ገመዱን በጥሶ መጥቶ፣ እሱ ያጨደውን ክምር እየበላ ነበር።

ቀብሩ ትልቅ ነበር። ድንኳን፣ ድምፅ ማጉያ፣ አባባ በጥቁር ሱፍ። ስጋው ሲቀርብ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ጣቱን እየላሰ፣ "ይሄ ስጋ ጥርስ ለሌለኝ ሰውዬ ጥርስ አበቀለልኝ እኮ! ማነው ያደለበው?" አለ።

"እኔ ነኝ" አለ አባባ።

ሁሉም አመሰገኑት። ዳኒ ብቻ ወደ መቃብሩ ዞራ "ኦቢዬሮ፣ ሰማህ?" አለች። ሐዘን ያዞራት መስሏቸው ደግፈው ወደ ቤት አስገቧት።

አሁን ደግሞ ሕፃኑ ሌት ተቀን ያለቅሳል ብለሽ ደውለሽ የለ? አባባ ደስ ብሎት ዋለ። "ሽማግሌው ነው! ስሜን ስጡት እያለ ነው የሚያስለቅሰው። ኦቢዬሮ ብላ ትጥራው፣ ዝም ይላል። ታርቆናል ማለት ነው" ብሎ እንድጽፍልሽ አዘዘኝ። ይኸው ጻፍኩ።

ጥሪውና ሞክሪ። ዝም ካለ ስሙ የእሱ ይሁን፤ የሚያሳፍር ስም አይደለም። ግን ወደዚህ ይዘሽው እንዳትመጪ። በዚህ ግቢ ኦቢዬሮ ብለው ሲጠሩ የለመዱት ሣር የሚያጭድላቸውን ሰው ነው።

ጡትሽ አይንጠፍ፣ ልጅሽ ይፋፋ፣ እጁ ሥራ ሳያውቅ ረጅም ዘመን ይጫወት።

ወንድምሽ ኦሴዌ

ልረሳው ነበር፦ ዳኒ ከቀብሩ ወዲህ ታስላለች። አባባ ትናንት ከገበያ ወይፈን ገዝቶ መጣ።