የዙሃራን ሬዲዮ ማን ያስቀንሳል?

ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.
ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር

ለምወድሽ ልጄ ለፋዮ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የጅማ ዝናብ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ዲንቄ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል፤ አንደበቷ ግን ፍጹም ጤነኛ ነው። ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ስልኩን ስለምትነጥቀኝ ነው።

ክረምቱን እዚያው ጅማ ቆይተሽ፣ ከዩኒቨርሲቲ መምህርሽ ከሰላሁን ጋር ወደ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ለሚዛወሩ ተማሪዎች እንግሊዝኛ ለማስከለስ እንዳሰብሽ የላክሽውን መልእክት አነበብኩ። ሰዋስው፣ ድርሰት፣ የማሳመን ጥበብ። "አባዬ፣ ምን ትላለህ?" ብለሻል። ምን እላለሁ? ቀናሁ እላለሁ። ዕድሜውን ሙሉ እንግሊዝኛ ያስተማረ ሽማግሌ በአንድ የጅማ መምህር ሲቀና ማየት ሰውን ያስቃል፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

ከጥቅምት ጀምሮ ከአፍሽ የሚወጣው እሱ ብቻ ነው። መምህር ሰላሁን እንዲህ አሉ፣ መምህር ሰላሁን ድርሰቴን አነበቡት፣ የመምህር ሰላሁን ኮማ አጠቃቀም። ኮማን ከእኔ ነው የተማርሽው! እሱ "እጅግ ግሩም" ብሎ የጻፈበትን ድርሰትሽን ስትልኪልኝ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ስህተት ፍለጋ ቁጭ አልኩ። ደጋግሜ አነበብኩት። አንድም አጣሁ። ተናደድኩ እንጂ አልኮራሁም፤ ኩራቱ የመጣው በማግስቱ ነው።

የባሰው ግን ሌላ ነው። "መምህር ሰላሁን ድርሰት ከማስጻፋቸው በፊት ወደ ባለሱቅ ይልኩንና አሳምኑት ይሉናል" ብለሽ በአድናቆት ጻፍሽልኝ። ፋዮ! ይሄ የማን ነው? በእኔ ክፍል ጎረቤታችን ዙሃራ ሱቅ ሄዶ የሬዲዮዋን ድምፅ ያላስቀነሰ ተማሪ እስክሪብቶ አይነካም ነበር። እሷም ፈታኝ መሆኗን ስለምታውቅ ሆን ብላ ትጨምረዋለች። ሌሎቹ "ጥናታችንን ረበሸን" እያሉ ሲለማመጧት፣ አንቺ ያኔ ገና ትንሽ ልጅ ሆነሽ፣ "እትዬ ዙሃራ፣ ሬዲዮው ሲጮህ ደንበኛ ሲጠራዎት አይሰሙም፤ ወደ ማዶው ሱቅ ይሄድብዎታል" አልሻት። ወዲያው ቀነሰች።

ለእናትሽ ብነግራት፣ "ታዲያ ለሰውዬው ማን ነገረው? ራሷ ናታ!" ብላ ሳቀችብኝ። ይሄም አላጽናናኝም። የእኔን ነገር ለእሱ ሰጥተሽ፣ የእሱ አድርገሽ መልሰሽ ላክሽልኝ።

ስለዚህ ወደ ቤት የሚያስመጣሽ ደብዳቤ ጻፍኩ። መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ ያለው። ለክረምቱ የማስተማሪያ ክፍሉን ቀለም አስቀብቻለሁ አልኩ። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ላለው ጽሑፍ ሠሪ "ኩማና ፋዮ የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ" የሚል ታፔላ እንዳዘዝኩ ነገርኩሽ። ዓይኔ የተማሪ ጽሑፍ ማንበብ እየከበደው መሆኑን፣ ቤቱ ጭር ማለቱን፣ ሁሉንም ደረደርኩት። ከዚያ እንዳስተማርኩት ዙሃራ ጋ ሄጄ አነበብኩላት።

ገና ስጀምር ሬዲዮዋን ራሷ ቀነሰችው። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

"ቲቸር" አለች፣ "ፋዮ ጅማ ትቆይ።"

"ለምን?"

"ያነበቡልኝ ምክንያት ሁሉ የእርስዎ ነዋ! ክፍሉ የእርስዎ፣ ዓይኑ የእርስዎ፣ ጭርታው የእርስዎ። የእሷ የቱ ጋ ነው? ሰሚውን እዩ ብለው አይደል እንዴ የሚያስተምሩት?"

ይህን ብላ ሬዲዮውን መልሳ ከፍ አደረገችው።

ተቆጥቼ ወጣሁ። ያንን ደብዳቤ ቀደድኩት። ይሄኛውን የጀመርኩት ለአንቺ የሚሆን አንድ ምክንያት ላገኝ ነበር። እዚህ ድረስ ጻፍኩ፤ አላገኘሁም። እዚያ የሚጠብቁሽ ተማሪዎች አሉ፣ የምትወጂው ሥራ አለ፣ ጽሑፍሽን በደንብ የሚያነብልሽ ሰው አለ። ቆዪ ልጄ።

ሰላሁንንም ሰላም በይልኝ። ብዙ አታድርጊው ብቻ።

እግዚአብሔር ያሰብሽውን ያሳካልሽ። የምታስተምሪያቸው ይግባቸው፤ አንቺ እኔን እንዳስከበርሽኝ እነሱም ያስከብሩሽ።

አባትሽ
ኩማ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ቆየኝ ያልኩት ጽሑፍ ሠሪ ታፔላውን ምን ላድርገው ብሎ ደውሎ ነበር። "ኩማ" ብለህ ጻፍ፣ ጎኑን ክፍት ተወው አልኩት። ከዚያው ቀለምም ትንሽ እንዲያስቀርልኝ ነግሬዋለሁ።