ርብ እየሞላ ስለተዘጋብን ማይክሮፎን

ለተከበሩ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም በደረቅ መሬት ላይ በሙሉ ጤንነት እንዲገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በወረታ የርብ ወንዝን ውኃ በየጠዋቱ ከድልድዩ ሥር ካለው መለኪያ አንብቤ፣ በቀበሌያችን ኮምፒውተር በኩል ለቢሮዎ በቃል የማሳውቅ አሮጊት ነኝ። ቢሮዎ ቁጥሩን በድምፅ ሳይሰማ ጀልባ እንዳይልክ ስላወጡት ጥንቁቅ መመሪያ አመሰግናለሁ።

፩. ከሰኞ ጀምሮ ድምፄ አይሰማም። ባዘዙን መሠረት ሽቦውን ነቅለን ሰክተናል፣ ኮምፒውተሩን አጥፍተን አብርተናል። ስልክ ጠጋኟ ራሂማ ሱቋን ዘግታ መጥታ ማይክሮፎኑን በራሷ ኮምፒውተር ሞከረችው፤ አጥርቶ ይሠራል። የተዘጋው በእኛ ኮምፒውተር ላይ ማይክሮፎኑን የመጠቀም ፈቃድ ነው፤ የሚከፈተውም እርስዎ ብቻ በሚያውቁት የይለፍ ቃል ነው። ለዚህ ጥበቃ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ሌባ እንኳ ቢገባ የውኃውን ከፍታ ሊነግርዎ አይችልም።

፪. ማክሰኞ ዕለት ወደ ሩዝ ማሳው የገባው ውኃ ለአዋቂ ሰው እስከ ደረት መድረሱን ላስረዳ እጄን ደረቴ ላይ ባሳርፍ፣ በኮምፒውተሩ የቪዲዮ መስኮት የሚያዩኝ ባልደረቦችዎ ሰላምታ መስሏቸው ከመቀመጫቸው ተነሥተው እጅ ነሡኝ። እንዲህ ያለ ጨዋነት በዚህ ዘመን ብርቅ ነው፤ ጀልባ ግን አልመጣም።

፫. ቁጥሩን በወረቀት ጽፌ ባሳያቸው፣ የጽሑፍ ሪፖርት የሚቀበሉት በወሩ መጨረሻ መሆኑን በትሕትና አስረዱኝ። ውኃውን እስከዚያ እንዲታገሥ ብለምነው ደስ ባለኝ፤ እሱም አይሰማኝም።

ከዚህ በታች ያለውን ያለ ምስጋና እጽፋለሁ። ልጄ ሉሊት የሃያ ቀን አራስ ናት። ቤቷ ከሩዝ ማሳው ወዲያ፣ ከሐይቁ ዳር ነው። መንገዱ ከትናንት ጀምሮ ተቆርጧል፤ ስልኳም አይጠራም። ስቸኩል ፊደሌን ስላጣመምሁት ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ መምህሬ እንዲህ ያለውን ጽሕፈት እንደ ገና ያስገለብጡኝ ነበር፣ ዛሬ ግን ለመገልበጥ ጊዜ የለኝም። ከይለፍ ቃሉና ከጀልባው የቀለለዎትን ዛሬውኑ ይላኩልኝ።

ለቢሮዎ ጸጥታ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽሁ፣ በመስኮትዎ አፌ ሲንቀሳቀስ የሚያዩኝ ታዛዥዎ፣

ይርገዱ ገብረማርያም
ወረታ

ማስታወሻ፦ የሉሊት ልጅ ሴት ናት። ክርስትና ለመነሣት ስድሳ ቀን ይቀራታል፤ ስምም ገና አልወጣላትም። የጎርፍ ተጎጂዎችን ዝርዝር ሲያዘጋጁ የስሟ ቦታ ባዶ ቀርቶ ቅጽዎን እንዳያበላሽ፣ ጀልባው ቢቀድም ይሻላል።