የውስወሳ ክር

ለማከብርሽና ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ያ ደረትሽን ይዞሽ የነበረው ሳል ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ጠዋት ጠዋት ይነሣብሻል? የእናታችን ጉልበትስ? ጋሼ ባለቤትሽና ልጆቹስ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፤ ናፍቆታችሁ ግን አብሮኝ ይተኛል፣ አብሮኝ ይነሣል።

እህት ዓለም፣ ከዚህ ደብዳቤ በፊት የላክሁት ሌላ ደብዳቤ ደርሶሽ ይሆናል። ካልከፈትሽው እባክሽ አትክፈቺው። ከፍተሽውም ከሆነ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ። በዚያኛው «አፍረሽብኛል፣ ረስተሽኛል፣ ከእንግዲህ እህት እንዳለኝ አልቆጥርም» ብዬ ጽፌአለሁ። እንዲህ ያለ ቃል እንዴት ከእጄ እንደ ወጣ ለመረዳት የቻልሁት በሥራ ቦታዬ በደረሰብኝ ነገር ነውና እርሱን ላጫውትሽ።

የምሠራበት ስፌት ቤት ሦስት የስፌት መኪናና አንድ መስኮት ያለው ጠባብ ክፍል ነው። አለቃችን ሽማግሌ ሰፊ ናቸው። ኮት ሲሰፋ እጅጌው በቀጥታ መኪና ውስጥ አይገባም፤ በመጀመሪያ በረጅም ነጭ ክር በእጅ ላላ ተደርጎ ይወሰወሳል። የኮቱ ባለቤት ለክቶት ካልተስማማው ክሩ ሳብ ይደረግና ይወጣል፤ ጨርቁ ምንም አይሆንም። እኔ በመኪና መስፋት ከጀመርሁ ሁለት ዓመት አልፎኛልና፣ እርሳቸው «መጀመሪያ ወስውሰው» ባሉኝ ቁጥር እንደ ጀማሪ የናቁኝ ይመስለኝ ነበር። ቁልፍ የምትተክለው ሴትዮ ፈገግ ካለችም «ይኸው፣ እርሷም ሳቀችብኝ» እላለሁ።

ያን ደብዳቤ ፖስታ ቤት ካስገባሁ በሦስተኛው ቀን አለቃችን ገበር ሊገዙ ወጡ። እኔም ልታይ ብዬ የአንድ ሐኪም ግራጫ የሱፍ ኮት አንሥቼ ሳልወሰውስ እጅጌዎቹን በመኪና ሰፋኋቸው። ቁልፍ ተካይዋ ለብሳው ዞር አለችና «ወንድምዓለም፣ ይሄ ሐኪም የሚሄደው ወደ ኋላ ነው እንዴ?» አለችኝ። የቀኙን እጅጌ በግራ፣ የግራውን በቀኝ ገጥሜዋለሁ! መቀሴን በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ በሩ ስሄድ አለቃችን ገቡ።

«ወዴት ነው?» አሉኝ።

«ማባረርዎ ስለማይቀር በራሴ ልሂድ ብዬ ነው» አልኋቸው።

«ማን ፈረደ? ከሳሹም አንተ፣ ተከሳሹም አንተ፣ ዳኛውም አንተ! በል ቁጭ በልና ፍታው።»

ተቀምጬ ፈታሁት። መርፌው ያለፈበት ሁሉ በተርታ ተበስቷል። «ጨርቁ ተበላሸ» አልሁ። «ያየኸው ምንድን ነው?» አሉኝ። «ቀዳዳ ነው» ስል፣ «እንግዲያው ቀዳዳ በል። ተበላሸ የሚለውን ከሆድህ አውጥተህ ነው የጨመርህበት» አሉና እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርገው የጋለ ካውያ፣ ሳይጫኑት፣ ከበላዩ ያዙበት። በጥፍራቸው አሸት አሸት አደረጉት፤ ደጋግመውም በእንፋሎት አጠኑት። ቀዳዳዎቹ አንድ በአንድ ተከደኑ። «ሱፍ ነው፤ እንፋሎትና ጊዜ ከሰጡት ይመለሳል። ቆዳ ቢሆን ግን...» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያም እጅጌውን በቦታው ገጠሙና መርፌ አንሥተው ራሳቸው መወስወስ ጀመሩ። አርባ ዓመት የሰፉ ሰው ነጩን ክር ሲያስገቡ ሳይ አንገቴን ደፋሁ። ወዲያውም ደብዳቤዬ ትዝ አለኝ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ከጨመርሁበት ለመለየት እሞክራለሁ። ወደ ክፍሌ ስወጣ ደረጃው ሥር የተቀመጡት ሰዎች ይስቃሉ። መሳቃቸውን ሰምቻለሁ፤ «በእኔ ነው» የሚለው ግን የእኔ ውስወሳ ነውና ሳብ አድርጌ አወጣዋለሁ። ሁልጊዜ አይወጣልኝም። በተለይ በዕረፍት ቀን፣ ከጠዋት እስከ ማታ ስሜን የሚጠራ ሰው በሌለበት፣ ሆዴ ይባባል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በስፌት ቤቱ የወጣችልኝ «ዳኛው» የምትለዋ ቅጽል ስም እንኳ ትናፍቀኛለች።

ስለ አንቺ የማውቀውን ልጻፍ። ደብዳቤሽ ከመጣ አምስት ወር ሆኖታል። የመጨረሻው ሁለት መስመር ብቻ ነበር፤ «ደህና ነን። ራስህን ጠብቅ» ይላል። የማውቀው ይህን ብቻ ነው። የቀረውን ያለ ውስወሳ በመኪና የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ አሁንም እየፈታሁት ነው። ለምን ዝም እንዳልሽ አልጠይቅሽም፤ መናገር በፈለግሽ ጊዜ ትነግሪኛለሽ። አራተኛ ክፍል ላይ የቆመውን ትምህርቴን እጄን ይዘሽ እንደገና ያስጀመርሽኝ አንቺ ነሽ፤ በአንቺ በተማርሁት ጽሕፈት መልሼ ስለወጋሁሽ ይቅር በይኝ።

እናታችንን ጉልበቷን ስሜ ሰላም እላለሁ፤ ያንን ደብዳቤ ግን እባክሽ አታንብቢላት። ለጋሼ እጅ እነሣለሁ። የትልቋን ልጅሽን ቁመት በክር ለክተሽ ክሩን ላኪልኝ፤ ቀሚስ እሰፋላታለሁ፤ ደግሞም ወስውሼ ነው። ትንሹን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ አያውቀኝም፣ ቢሆንም ሳሚልኝ። የጎረቤታችንን የአናጢውን ቤተሰብ በሙሉ ሰላም በይልኝ።

የበሳሁሽ ሁሉ በሱፍ ላይ ይሁንልኝ፣ እህቴ። እንፋሎቱንና ጊዜውን እኔ እሰጣለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከስፌት ቤቱ በላይ ካለችው ክፍል፣
የካቲት 14 ቀን፣ ከሥራ በፊት