የድልድይ ጫማ

ለእናትነቷ ወደር ላላገኘሁላት፣ ለውዷ እናቴ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ጉልበትሽ ከሕመሙ ፋታ አግኝቶ፣ ዶሮዎችሽም ከጎረቤት ውሻ ተርፈው፣ በረንዳሽ ላይ ቁጭ ብለሽ ነፋስ ስትቀበዪ እንዲያገኝሽ እመኛለሁ። እንዴት ነሽልኝ እማዬ? ሳሉስ ተወሽ? የላክሁልሽን መድኃኒት እንደ ልማድሽ ለሠፈሩ አድለሽው እንዳይሆን ብቻ! እኔ ደህና ነኝ። ሮልዳንም ደህና ነው፤ ይማራል፣ ይበላል፣ ይተኛል፣ «አያቴን ሳሚልኝ» ይላል። ያስቸገረኝ ናፍቆትሽ ነው። ማኒላ ዝናቡ ከጀመረ አያባራም። የጎረቤቱ ጋራዥ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ በሰማሁ ቁጥር እቤታችን ያለሁ እየመሰለኝ «እማዬ፣ ልብሱ ደጅ ነው!» ልል አፌን እከፍታለሁ። ከዚያ ማንም እንደሌለ ትዝ ይለኝና መልሼ እዘጋዋለሁ።

ስልክ ያልደወልሁት ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። አንቺ «ምን አልሽ?» እኔ «ደህና ነኝ አልኩሽ!» እያልን ስንጯጯህ የምክር ቤቱ ኮሪደር በሙሉ የቤታችንን ጉዳይ ይሰማል። የዛሬው ወሬዬ ደግሞ የሚጮህበት አይደለም። መነጽርሽን አድርጊና ራስሽ አንብቢው። ለባለሱቋ ለፔርላ እንዳትሰጫት። ፔርላ ካነበበችልሽ ገና ሳትጨርስ ደሴቱ ሁሉ ሰምቷል።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጫማ መግዛትሽን ያነበብሁት ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነው፤ ዕንባዬ መጣብኝና ያነጠሰኝ መስዬ አለፍሁት። ከሥሩ ጠፍጣፋ፣ ጥቁር፣ ማሰሪያ ያለው። «ድልድዩ ሲያልቅ በባዶ እግሬ አልሻገርም፤ አባትሽ ዘንድ የምሄደው እንደ ሰው ተጫምቼ ነው» ብለሽ ጻፍሽ። ደግሞ እንዲለምድልሽ ጠዋት ጠዋት ቤት ውስጥ አድርገሽው ከምድጃው እስከ በሩ ትመላለሻለሽ። ወይ እማዬ! እንዲህ ዓይነት ወሬ እየጻፍሽልኝ እንዴት ሥራ ልሥራ?

አባዬን ባሕሩ ከወሰደው ወዲህ ጀልባ ላይ እግርሽን አላሳረፍሽም። አስከሬኑ ማዶ፣ ከተማው ዳር ወጥቶ እዚያው ሲቀበር እንኳ ቀባሪው ተሻገረ፣ አንቺ አሸዋው ላይ ቀረሽ። በሙታን ቀን ሰው ሁሉ መቃብር ላይ ምንጣፉን አንጥፎ፣ ሩዙን በልቶ፣ ካርታውን ተጫውቶ ከሟቹ ጋር ሲያመሽ አንቺ ሻማሽን ባሕሩ ዳር ትተክዪና ወደ ማዶ ታወሪያለሽ። ነፋሱ ያጠፋዋል፣ ትለኩሺዋለሽ፤ ያጠፋዋል፣ ትለኩሺዋለሽ። ለምርጫ ስወዳደር ለሕዝቡ የተናገርሁት ብዙ ነው፤ ለራሴ የነገርሁት ግን እናቴ በእግሯ ተሻግራ ባሏ መቃብር ላይ ትቀመጣለች የሚለውን ብቻ ነው። ይኸው ምሰሶዎቹ ባሕሩ ውስጥ ቆሙ። የቀረው መሐሉ ነው። በመጪው ዓመት የሙታን ቀን ይደርሳል ብለውኛል።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ። ፕሬዚዳንቱ መከሰሳቸውን በሬዲዮ ሰምተሻል። ከአውሎ ነፋሱ በኋላ ቤታቸው ለፈረሰባቸው ሰዎች ቤት ይሠራ ተብሎ ገንዘብ ወጥቷል፤ ገንዘቡ ወደ ሚስታቸው ወንድም ሲሄድ ፈቃዱ ላይ የራሳቸው ፊርማ አለ። ክሱ ወደ ሴኔት አልፎ እንዲዳኙ ከኛ ምክር ቤት አንድ ሦስተኛው መፈረም አለበት። ጥቂት ሰው ጎድሏል። ካልፈረሙት መሐል ደግሞ አንዷ ልጅሽ ናት።

ለአንቺ ምን ብዬ እነግርሻለሁ? ፎቶግራፋቸውን ከሕፃኑ ኢየሱስ ጎን የሰቀልሽ ሰው ነሽ። አበልጃችን ናቸው። ሮልዳን ክርስትና ሲነሣ አንቺ ባሕር ስለማትሻገሪ ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ ወዳንቺ ይምጣ ብዬ ስቀልድ፣ እሳቸው ያን ጊዜ ሴናተር ሆነው በዚያ ዝናብ በአጎቴ ሲዶ ጀልባ ተሻግረው መጡ። ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ርሶ ልጄን ታቀፉት። ያንቺን ዓሣ በእጃቸው በሉ፣ ድገሚኝ አሉ። ይሄን ማን ይክዳል? ሮልዳን በየገናው ሄዶ እጃቸውን ግንባሩ ላይ አድርጎ ተመርቆ ነው ያደገው።

ባለፈው ወር ያ ቤት ተሠራ የተባለበትን ቦታ እንድናይ ከምክር ቤቱ ተላክን። ሳር ነው እማዬ። የፕሬዚዳንቱ ምስል ያለበት ትልቅ ማስታወቂያ ቆሟል፣ በማቆሚያው እንጨት ላይ ፍየል ታስሮበታል። ሰዎቹ አሁንም ድንኳን ውስጥ ናቸው። ሳሊንግ የምትባል ሴት ገብተሽ ተቀመጪ ብላ ለመነችኝ። አንገቷ ላይ ቁልፍ አንጠልጥላለች። የምን ቁልፍ ነው ብላት የቤቴ ነው አለች። ለካ በምረቃው ቀን ቴሌቪዥን እየቀረጸ ለየሰዉ ቁልፍ ታድሏል። ታዲያ ቤቱ የታለ ብላት ሳቀች። «እሱ ገና አልመጣም፤ ሲመጣ ቁልፉ እንዳይጠፋብኝ ብዬ ነው» አለችኝ። ከዚያ «አንቺስ ማኒላ ምንድን ነው ሥራሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። የምክር ቤት አባል ነኝ ለማለት አፈርሁ። መንግሥት ቤት ነው የምሠራው አልኋት። «ጎበዝ! ታዲያ ቤት ሰጡሽ?» አለችኝ። ከልቧ ነው የጠየቀችኝ።

ከዚያ ተመልሼ ወዲያው የፈረምሁ እንዳይመስልሽ። አጠገቤ የሚቀመጠውን ፎንሶን ታውቂዋለሽ፤ ያ ወፍራሙ፣ ቤታችን መጥቶ ሦስት ማንጎ በአንድ ጊዜ የጨረሰው። ለምን እንደማይፈርም ጠየቅሁት። «እኔ አገር የሚጠይቁኝ ክስ አይደለም፣ ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮው ያለው ደግሞ እሳቸው እጅ ነው» አለኝ። ሌላው እሳቸው ቢወርዱ የሚተኩት ምክትላቸው የባሱ ናቸው ይላል። ሌላዋ ፓርቲዬ ለቀጣዩ ምርጫ ከዝርዝሩ ያወጣኛል ትላለች፤ ሁለት ልጆቿ ከንቲባነት ይፈልጋሉ። አንዱ ደግሞ ሳይደብቅ «ቁጥሩ ሊሞላ አንድ ሲቀረው ጥሩኝ፤ እሮጣለሁ» አለ። ሁሉም እንደዚያ ነው። ልጅ ሆነን ከመርከብ ማቆሚያው ላይ «አንቺ ዝለይ፣ አይ አንተ ዝለል» እያልን ቆመን እንደምንቀረው። ቲያትር ቤት እንደገባ ሰው ስስቅባቸው ሰነበትሁ። እነሱ ሕዝቤ፣ ሕዝቤ ሲሉ ለእኔ የሚታየኝ ግን ያንቺ ጥቁር ጫማ ነው። ከማን እሻላለሁ?

ባለፈው ሳምንት ልባችን ለሁለት የተከፈለውን ሰዎች ፕሬዚዳንቱ ምሳ ጋበዙን። ስለ ክሱ ትንፍሽ አላሉም። የየሰዉን ልጅ በስም እየጠሩ ጠየቁ፤ ለፎንሶ ማንጎ አስመጡለት። እኔ ጋ ሲደርሱ ትከሻዬን ይዘው «አበልጄ፣ እናታችን እንዴት ናት? ጉልበቷስ?» አሉኝ። እውነት ለመናገር ደስ አለኝ። እዚህ ከተማ ጉልበትሽን የሚጠይቀኝ ሌላ ሰው የለም። ስወጣ በሪባን የታሰረ ሣጥን ሰጡኝ፤ ረጃጅም ነጫጭ የቤተ ክርስቲያን ሻማዎች ናቸው። «እነዚህን ለእናታችን ስጫት። በመጪው ዓመት በገዛ እጇ ባሏ መቃብር ላይ ታብራቸው። ድልድዩን እኔም እጇን ይዤ አሻግራታለሁ» አሉኝ። በሩ ላይ ደግሞ ጸሐፊያቸው ፈገግ ብሎ የድልድያችን ገንዘብ ያለበት የመጪው ዓመት በጀት ገና ማተሚያ ቤት እንዳልገባ ነገረኝ።

እማዬ፣ ብር ቢሰጡኝ ፊታቸው ላይ እንደምወረውረው አውቅ ነበር፤ ተዘጋጅቼበትም ነበር። አንቺን ሲሰጡኝ ግን ምን ብዬ ልመልስ?

ሣጥኑን እቤት አምጥቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሁት። ሮልዳን አየውና ከማን እንደሆነ ነገርሁት። የክርስትና አባቱ ናቸው፤ ሪባኑን ነካ አድርጎ ተወው። ከዚያ «እማ፣ አያቴ ብትጠይቅሽ ምን ትያታለሽ?» ብሎኝ ወደ ክፍሉ ገባ። እኔም ተቀምጬ ድልድዩ ላይ ስትሄጂ ልይሽ ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ። ሐዘኔን የምረሳው እንደዚያ እያየሁሽ ነበር። ጫማሽን አድርገሻል፣ ነፋሱ ቀሚስሽን ይዞታል፣ ማዶ ልትደርሺ ነው። ብቻ መሐሉ ላይ ሳሊንግ ከነቁልፏ ቆማለች። ምን ባደርግ አትነሣልኝም። አንቺ ደግሞ ሰው አልፈሽ አትሄጂም፤ አውቅሻለሁ። ቆም ትይና «ልጄ፣ ቤትሽ የት ነው?» ትያታለሽ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረሽ ታዪኛለሽ። ከዚህ በላይ ማየት አልቻልሁም።

ፈርቻለሁ። ሰዎቹን አይደለም፤ ፎቶግራፉን ከግድግዳው የምታወርጂበትን ቀን ነው የፈራሁት፣ ወይም ደግሞ የማታወርጂውን። የሠፈሩ ሰው ውለታ በላች ይለኛል። አበልጇን ከዳች ይለኛል። ይበል። አንቺ ካልሽኝ ግን አልችለውም።

ትናንት ጠዋት የክሱ ወረቀት የሚፈረምበት፣ የምክር ቤቱ ዋና ጸሐፊ ቢሮ ገብቼ ነበር። ስወጣ ፎንሶ ኮሪደሩ ላይ አገኘኝና ምን ልትሠሪ ገባሽ አለኝ። ሽንት ቤት መስሎኝ ነው አልሁት። ያ ሽንት ቤት እንዲህ ያስለቅሳል እንዴ አለኝ። ግማሽ መንገድ ሄጄ እስክሪብቶዬን መርሳቴ ትዝ አለኝና ብመለስ፣ ፎንሶ ጠረጴዛው ፊት ቆሞ፣ እስክሪብቶዬን ይዞ፣ ላቡን እየጠረገ ነው። በሩን ቀስ ብዬ ዘግቼ ተመለስሁ። እስክሪብቶው እዚያው ቀረ።

ደግሞ አንድ ነገር። በቅርቡ የድልድዩ ሠራተኞች ዕቃቸውን መርከብ ላይ ሲጭኑ ብታዪ አትደንግጪ፤ ፔርላም ስትጮህ ዝም በያት። ምሰሶዎቹ ላይ የሰፈሩትን ወፎች ደግሞ ልጆቹ በድንጋይ እንዳያባርሯቸው ንገሪልኝ። ይቀመጡ፤ ለብዙ ጊዜ ጎረቤቶቻችን ሳይሆኑ አይቀሩም።

ለዘንድሮው የሙታን ቀን እመጣለሁ። ሮልዳንም አብሮኝ ይመጣል። ሻማ ከዚህ ይዤ አልመጣም፤ የተሰጠኝን ለሰጪው መልሻለሁ። ከፔርላ ሱቅ ያንን አጫጭሩን ግዢ፣ አባዬ እሱን ነው የሚያውቀው። ሩዙን በኮኮናት ወተት ሥሪው፣ ለሦስታችን የሚበቃ። አጎቴ ሲዶ ጀልባውን በጠዋት፣ ባሕሩ ገና ሳይነሣ አሸዋው ላይ እንዲያቆም ልኬበታለሁ። በአንድ በኩል ሮልዳን፣ በአንድ በኩል እኔ እንይዝሻለን። ውሃውን እንዳታዪ፣ እኔን እያየሽ ነው የምትሻገሪው። ካልቻልሽም እማዬ አልቀየምሽም፤ አሸዋው ላይ አብሬሽ ተቀምጬ ነፋሱ ያጠፋውን እለኩሳለሁ። ግን ናፈቀኝ፤ አባዬ ጎን ተቀምጠሽ ስትቆጪው መስማት ናፈቀኝ። ይህን ያህል ዓመት ያጠራቀምሽበትን።

ድንግል ማርያም ከዝናቡም ከጉንፋኑም ትከልልሽ። ጉልበትሽን ታጽናልሽ፣ ቤትሽን ከነፋስ ትጠብቅልሽ፣ በዓይነ ሥጋ ታገናኘን። እጅሽን ግንባሬ ላይ አድርጌ እስክመረቅ ድረስ ከዚህ ሆኜ ስሜሻለሁ።

ጫማሽን እንዳትረሺው። ጀልባው ላይ ስትወጪ ውሃ ይነካዋልና አውልቀሽ በእጅሽ ያዢው፤ ማዶ ስንደርስ እኔ ተንበርክኬ አስርልሻለሁ።

የምትናፍቅሽ ልጅሽ